የእጅ መታጠቢያ የፍሳሽ ቱቦ ሲዛነፍ በልክ ስለ ማቃናት

«ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። ሰው ሁሉ ስለ ውኃ ሲያስብ የሚያስበው ስለሚመጣው ውኃ ነው፤ ምንጩ የት እንደ ሆነ፥ ቧንቧው በስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ፥ በርሜሉ መሙላቱንና አለመሙላቱን ይጠይቃል። እጅ ታጥቦበት ስለሚሄደው ውኃ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ንጹሕ ውኃ ወደ ቤት መግባቱ የሥራው እኩሌታ ነው፤ ያደፈው ውኃ በደኅና ከቤት መውጣቱ ደግሞ ሁለተኛው እኩሌታ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ጤና አይሰጥም።

በብዙ ስፍራ በትምህርት ቤቶች፥ በጤና ጣቢያዎችና በመምህራን መኖሪያ ቤቶች የእጅ መታጠቢያ ገንዳ ተተክሎ ይገኛል። ከገንዳውም በታች አንዳንድ ጊዜ አሮጌ ጣሳ ወይም ባልዲ ተቀምጦ ከቱቦው የሚንጠባጠበውን ውኃ ሲቀበል ይታያል፤ ቱቦውም በጨርቅና በሲባጎ ተጠምጥሞ ይገኛል። ይህን ያየ ሰው «ቱቦው ተሰብሯል» ይላል። ቀርቦ ለሚመረምር ሰው ግን ብዙ ጊዜ ቱቦው አልተሰበረም፤ ተዛንፏል እንጂ። ይኸውም ከገንዳው የሚወርደው ቱቦና በግድግዳው ውስጥ ያለው ቱቦ አፍ ለአፍ ሳይተያዩ በግድ ተጐትተው ተገናኝተዋል ማለት ነው። ይህ ትምህርት መዛነፉ ከምን እንደሚመጣ፥ ስለ ምን እንደሚጐዳ፥ በምን ብልሃትም እንደሚቃና ያስረዳል።

1ኛ ክፍል፤ ስለ ክፍሎቹ ስምና ሥራ

ሥራ የሚጀመረው ስምን ከማወቅ ነው። በእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው የፍሳሽ መንገድ በአራት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ወራጅ ቱቦ ነው። ይህ ከገንዳው ቀዳዳ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርደው አጭር ቱቦ ነው።

ሁለተኛው ሲፎን ነው። ይህ እንደ ቀለበት እኩሌታ ታጥፎ የተሠራ ክፍል ነው፤ ውኃው በአንደኛው ወገን ወርዶ በሁለተኛው ወገን ወጥቶ ያልፋል። እንደ ጠርሙስ ሆኖ የተሠራም ሲፎን አለ፤ መልኩ ቢለይ ሥራው አንድ ነው።

ሦስተኛው አግዳሚ ቱቦ ነው። ይህ ከሲፎኑ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው የሚሄደው ነው።

አራተኛው የግድግዳ ቱቦ ነው። ይህ አፉ ብቻ በግድግዳው ላይ የሚታይ፥ የቀረው ግን በውስጥ ተቀብሮ ውኃውን ወደ ፍሳሽ ጕድጓድ ወይም ወደ ከተማው የፍሳሽ መስመር የሚያደርስ ነው።

እነዚህን ክፍሎች እርስ በርሳቸው የሚያያይዟቸው ዳዶና ጎሚኒ ናቸው። ዳዶ የሚባለው ጥርስ ያለው፥ እየተሽከረከረ የሚጠብቀው ቀለበት ነው። ጎሚኒ የሚባለው ደግሞ በዳዶው ውስጥ የሚገባው የጎማ ቀለበት ነው። ውኃ እንዳይወጣ የሚከለክለው ጎሚኒው ነው እንጂ የዳዶው ጥርስ አይደለም፤ ዳዶው ጎሚኒውን በስፍራው ይጫነዋል። ይህ ነገር በኋላ ስለሚያስፈልግ ልብ ሊባል ይገባል።

ባለ እጆች የእጅ መታጠቢያውን ላቫንዲኖ ይሉታል፤ ይህም ከኢጣልያ ቋንቋ የመጣ ነው። ሲፎን የሚለውም ቃል ጥንቱ የግሪክ ሲሆን ትርጓሜው ቱቦ ማለት ነው።

2ኛ ክፍል፤ በሲፎኑ ውስጥ ስለሚቀረው ውኃ

ቱቦው ቀጥ ብሎ ወደ ግድግዳው መሄድ ሲቻለው ስለ ምን ታጠፈ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር ጥያቄው የተገባ ነው። መልሱም ይህ ነው፤ ሰው እጁን ታጥቦ ውኃው ሁሉ ካለፈ በኋላ በእጥፋቱ ውስጥ ጥቂት ውኃ ይቀራል። ይህ ውኃ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲም ሜትር ያህል ሲሆን፥ የቱቦውን መንገድ እንደ መዝጊያ ዘግቶ ይቆማል። ከላይ የሚመጣውን ውኃ ያሳልፋል፤ ከታች የሚመጣውን አየር ግን ይከለክላል። እንደ በር ዘበኛ ነው፤ ለሚወጣው ይከፍታል፥ ለሚገባው ይዘጋል።

በፍሳሽ ጕድጓድ ውስጥ ቆሻሻ ሲበሰብስ ልዩ ልዩ አየር ይወጣዋል። እንደ ገማ እንቍላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል፤ ሲበዛ ሰውን ይመርዛል። ሜቴን የሚባለው ደግሞ እሳት ሲያገኝ ይነዳል። በረሮና ሌላ ተንቀሳቃሽም በባዶ ቱቦ መንገድ ያገኛል። እንግዲህ በሲፎኑ ውስጥ ያለው አንድ ኩባያ የማይሞላ ውኃ፥ ልጆች በተቀመጡበት ክፍልና በጕድጓዱ መካከል የቆመ ግድግዳ ነው።

ይህ ብልሃት የታወቀው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በ1775 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ በለንደን የሚኖር የስኮትላንድ ተወላጅ ሰዓት ሠሪ፥ በመጸዳጃ ሥር የሚታጠፍና ውኃ የሚይዝ ቱቦ ሠርቶ የፈጠራ መብት ተሰጠው። ሰዓት ሠሪ መሆኑም ልብ የሚባል ነው፤ ለትንሽ ነገር ልክ የሚጠነቀቅ ሰው ሥራው በሌላ ስፍራም ይጠቅማልና።

ውኃው ሲጠፋ የሚመጣው ጉዳት እስከ ምን እንደሚደርስ በ2003 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሆንግ ኮንግ ታየ። በዚያ ዓመት ሳርስ የተባለው የሳንባ በሽታ በተነሣ ጊዜ፥ አሞይ ጋርደንስ በሚባሉ ብዙ ፎቅ ባላቸው መኖሪያ ቤቶች ከ300 የሚበልጡ ሰዎች ታመሙ። የጤና ሹማምንት ሲመረምሩ ካገኟቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበረ፤ በመታጠቢያ ቤቶቹ ወለል ላይ ያሉት የፍሳሽ ቀዳዳዎች ሲፎን ነበራቸው፤ ነገር ግን ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወል ነበር እንጂ ውኃ አይፈስስበትም ነበርና ሲፎኖቹ ደርቀው ነበር። አየር የሚስበው መዘውር ሲከፈትም በሽታውን የተሸከመው የቱቦ አየር ወደ ቤቶቹ ተሳበ። ሲፎን አልጐደለም፤ በሲፎኑ ውስጥ ያለው ውኃ ጐደለ እንጂ።

የአንድ ገጠር ትምህርት ቤት እጅ መታጠቢያ እንደዚያ ያለ ታላቅ ሕንፃ አይደለም፤ ስለዚህ መፍራት አያሻም። ነገር ግን ሕጉ ለትንሹም ለትልቁም አንድ ነው። ቱቦው ተዛንፎ መገጣጠሚያው በሚንጠባጠብበት ጊዜ ወለሉ ይረጥባል፥ የእንጨት ሣጥኑም ይበሰብሳል። ሲፎኑ ራሱ ያዘነበለ እንደ ሆነ የሚይዘው ውኃ ያንሳል፤ ጨርሶም ሳይይዝ ሊቀር ይችላል። ከዚህም ሌላ፥ ሽታውን የጠሉ ልጆች እጃቸውን መታጠብ ይተዋሉ፤ ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት ይህ ነው።

3ኛ ክፍል፤ ቱቦው ስለሚዛነፍበት ምክንያት

ከምክንያቶቹ ዋና ዋናዎቹ አምስት ናቸው።

1ኛ፤ ግድግዳው ሲሠራ የግድግዳው ቱቦ አስቀድሞ ተቀብሮ፥ ገንዳው ግን በኋላ ሲገዛ፥ የሁለቱ ልክ ሳይተያይ ይቀራል።

2ኛ፤ የቀድሞው ገንዳ ተሰብሮ በምትኩ ጥልቀቱ የተለየ ሲተከል፥ ወራጁ ቱቦ ከቀድሞው ዝቅ ወይም ከፍ ይላል።

3ኛ፤ ገንዳው ከግድግዳው ጋር የታሰረበት ብሎን ሲላላና ልጆች ሲደገፉት ገንዳው ራሱ ያዘነብላል። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ አስቀድሞ ገንዳውን ማጽናት ይገባል፤ ገንዳው እየተነቃነቀ ቱቦውን ማቃናት በአሸዋ ላይ ቤት መሥራት ነው።

4ኛ፤ ግድግዳው በኋላ ተለስኖ ወይም ሸክላ ተለጥፎበት ሲወፍር፥ የግድግዳው ቱቦ አፍ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ አግዳሚው ቱቦም ያጥረዋል።

5ኛ፤ ስፋታቸው የማይስማማ ቱቦዎች ሲጋጠሙ ነው። ለእጅ መታጠቢያ የሚሸጡት ቱቦዎች ብዙ ጊዜ 32 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው። 32ቱን በ40ው ውስጥ አግብቶ ክፍተቱን በጨርቅ መድፈን ልማድ ሆኗል፤ ነገር ግን ጨርቅ ውኃን ይጠጣል እንጂ አይከለክልም። ለዚህ የተሠራ ማጥበቢያ ጎሚኒ አለና እርሱን መግዛት ይገባል።

4ኛ ክፍል፤ ዳዶ መጠበቂያ እንጂ መጐተቻ አለመሆኑ

የዚህ ትምህርት ሥር ይህ ነው። ሁለት ቱቦዎች ሳይተያዩ ሲቀሩ፥ ያልተማረ ሰው አንዱን በእጁ ወደ ሌላው ጐትቶ ዳዶውን በመፍቻ ያጠብቃል። ለጊዜው ይገጥማል፤ ውኃውም ይቆማል። ነገር ግን የተጐተተው ቱቦ ወደ ቀድሞው ስፍራው ሊመለስ ሌሊትና ቀን ይታገላል። ጎሚኒው በአንድ ወገን ሲጨፈለቅ በሌላው ወገን ይከፈታል፤ የዳዶውም ጥርስ ተዛንፎ ስለ ገባ ይበላሻል። ውኃው ዳግመኛ ሲንጠባጠብ ሰውየው ይብሱን ያጠብቃል፤ በመጨረሻም ዳዶው ይሰነጠቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ባለሞያው የሚጠብቀው ሕግ አንድ ነው፤ ዳዶው ከመጥበቁ አስቀድሞ ቱቦዎቹ ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው አፍ ለአፍ ተገጣጥመው መቆም አለባቸው። በዚህ ጊዜ ዳዶው በሁለት ጣት ብቻ ይዞራል። ዳዶው በእጅ አልዞር ካለ ጥፋቱ በልኩ ነውና ወደ ልኩ መመለስ ይገባል እንጂ መፍቻ መፈለግ አይገባም።

5ኛ ክፍል፤ ስለ መሣሪያ

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም። ባልዲ፥ ጨርቅ፥ ሜትር፥ እርሳስ፥ ጥርሱ የደቀቀ መጋዝ፥ የብርጭቆ ወረቀት፥ መፍቻና የእጅ መብራት ናቸው። ለልክ ደግሞ ቱንቢና ውኃ ልክ ያስፈልጋሉ። ቱንቢ የሌለው ሰው በክር ጫፍ ድንጋይ አስሮ ቱንቢ ያደርጋል። ውኃ ልክ የሌለውም ሰው ውስጡ የሚታይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ውኃ ሞልቶ ሁለቱን ጫፍ ቢያነሣ፥ በሁለቱም ወገን ያለው ውኃ በአንድ ከፍታ ይቆማል፤ ከዚህ የሚበልጥ ልክ የለም።

6ኛ ክፍል፤ ስለ ልክ አወሳሰድ

ልክ የሚወሰደው በሁለት ወገን ነው፤ ወደ ጐንና ወደ ቁመት።

ወደ ጐን ያለውን ልክ ለማወቅ ከወራጁ ቱቦ መካከል ቱንቢ ወደ ወለሉ ይጣላል፤ የወደቀበትም ስፍራ በጠመኔ ይመለከታል። ከግድግዳው ቱቦ አፍ መካከልም እንዲሁ ይደረጋል። ሁለቱ ምልክቶች በወለሉ ላይ ሲታዩ መዛነፉ ምን ያህል እንደ ሆነ ይገለጣል። ለምሳሌ ከወራጁ ቱቦ እስከ ግድግዳው 30 ሳንቲም ሜትር ቢሆን፥ የግድግዳውም ቱቦ አፍ 6 ሳንቲም ሜትር ወደ ቀኝ ቢያፈነግጥ፥ ይህን 6 ሳንቲም ሜትር በጉልበት ሳይሆን በሲፎኑ መዞር ማጥፋት ይቻላል።

ሲፎኑ በወራጁ ቱቦ ሥር እንደ በር በማጠፊያው ላይ ይዞራል። የሲፎኑ ሁለት አፎች መካከል ለመካከል ቢለኩ 10 ሳንቲም ሜትር ቢራራቁ፥ ሁለተኛው አፍ በሚዞርበት ጊዜ እኩሌታው 10 ሳንቲም ሜትር የሆነ ክብ ይሥላል። እንግዲህ ሲፎኑን ወደ ቀኝ አዙሮ ሁለተኛውን አፍ 6 ሳንቲም ሜትር ወደ ጐን ቢያደርሱት፥ ወደ ግድግዳው ያለው ርቀት 8 ሳንቲም ሜትር ይሆናል። 6 በ6 ሲበዛ 36 ነው፤ 8 በ8 ሲበዛ 64 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 100 ይሆናሉ፤ 100 ደግሞ 10 በ10 ነው። ይህ ተማሪዎች በትምህርት ቤት የሚማሩት የፒታጎራስ ሕግ ነው፤ እነሆ በቱቦ ሥር ተገኘ። ከዚያ በኋላ አግዳሚው ቱቦ ሳይጣመም ቀጥ ብሎ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ርዝመቱም ከ30 ላይ 8 ሲቀነስ 22 ሳንቲም ሜትር ነው፤ በግድግዳው ቱቦ ውስጥ የሚገባው በዚህ ላይ ይጨመራል።

መዛነፉ ከሲፎኑ ስፋት የሚበልጥ ሲሆን ግን የአግዳሚውንም ቱቦ ራስ ማዞር፥ ይህም ካልበቃ በጥቂቱ የታጠፉ ሁለት ክርኖች መጨመር ያስፈልጋል። ክርን በበዛ ቁጥር ቆሻሻ የሚያርፍበት ስፍራ ይበዛልና ከሚያስፈልገው በላይ መጨመር አይገባም።

ወደ ቁመት ያለው ልክ ደግሞ ይህ ነው። አግዳሚው ቱቦ ወደ ግድግዳው ሲሄድ በ100 ሳንቲም ሜትር 2 ሳንቲም ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ከዚህ ካነሰ ውኃው ይተኛል፥ ዝቃጩም ይቀራል። እጅግ ከበዛ ደግሞ ውኃው በኃይል ሲወርድ በሲፎኑ ውስጥ መቅረት የሚገባውን ውኃ ይዞት ሊሄድ ይችላል። በተነገረው ምሳሌ አግዳሚው 22 ሳንቲም ሜትር ስለ ሆነ ዝቅታው ግማሽ ሳንቲም ሜትር ያህል ነው። የግድግዳው ቱቦ አፍ መካከል ከወለሉ 46 ሳንቲም ሜትር ከፍ ቢል፥ አግዳሚው ከሲፎኑ የሚነሣበት መካከል 46 ሳንቲም ሜትር ተኩል መሆን አለበት። ሲፎኑ በስፍራው ሲሰቀል አግዳሚው በ50 ላይ ቢገኝ፥ 3 ሳንቲም ሜትር ተኩል ከፍ ብሏልና ወራጁ ቱቦ በማራዘሚያ ያን ያህል ይረዝማል። በ44 ላይ ቢገኝ ደግሞ 2 ሳንቲም ሜትር ተኩል ዝቅ ብሏልና ወራጁ ቱቦ ያን ያህል ይቈረጣል።

ወራጁ ቱቦ ከዚያ በላይ ማጠር የማይችል ሲሆን፥ የግድግዳውም አፍ ከፍ ያለ ሲሆን፥ አግዳሚውን ወደ ላይ አቅንቶ መግጠም ፈጽሞ አይገባም፤ ውኃ ወደ ላይ አይሄድምና። መፍትሔው ገንዳውን ከፍ ማድረግ ወይም ግድግዳውን ከፍቶ የቱቦውን አፍ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው።

7ኛ ክፍል፤ ስለ ሥራው ቅደም ተከተል

1ኛ፤ ገንዳው እንዳይነካ ለሰው ሁሉ ይነገራል፥ የውኃውም መዝጊያ ይዘጋል። ባልዲ ከሲፎኑ በታች ይቀመጣል። አስቀድሞ የቱቦ መክፈቻ መድኃኒት ፈስሶበት እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ ይህ መድኃኒት ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላልና።

2ኛ፤ ዳዶዎቹ ሁሉ ይላላሉ። አንዱን ብቻ አላልቶ ሌሎቹን እንደ ጠበቁ መተው አይገባም፤ የተጐተተው ቱቦ ነጻ ሲወጣ የት እንደሚቆም ማየት ያስፈልጋልና። መዛነፉ በእውነት የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው።

3ኛ፤ ሲፎኑ ወርዶ በባልዲው ውስጥ ይገለበጣል። ባልዲው ሲሞላ ውኃውን በዚያው ገንዳ መድፋት የብዙ ሰው ስሕተት ነው፤ ሲፎን በሌለበት ውኃው በሠራተኛው እግር ላይ ይወርዳል።

4ኛ፤ የግድግዳው ቱቦ አፍ ሽታ እንዳይወጣ በጨርቅ ይዘጋል። ጨርቁ ጫፉ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ይቀመጥ፤ ተረስቶ በውስጥ እንዳይቀር።

5ኛ፤ ክፍሎቹ በሳሙና ይታጠባሉ፤ ጎሚኒዎቹ ይመረመራሉ። የደረቀ፥ የተሰነጠቀ ወይም በአንድ ወገን የተጨፈለቀ ጎሚኒ ይጣላል፤ ዋጋው ትንሽ ነው፥ የሚያደርሰው ጥፋት ግን ትልቅ ነው።

6ኛ፤ በ6ኛው ክፍል እንደ ተነገረው ልክ ይወሰዳል፤ ሁለት ጊዜ ተለክቶ አንድ ጊዜ ይቈረጣል። የተቈረጠው ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ሻካራ ጫፍ ጎሚኒውን ይቧጥጣል፥ ጠጕርንም ይይዛል።

7ኛ፤ በቱቦው ላይ አስቀድሞ ዳዶው፥ ቀጥሎ ጎሚኒው ይገባል። ጎሚኒው አንዱ ወገን ቀጭን ሆኖ ያዘቀዘቀ ከሆነ፥ ቀጭኑ ወገን ወደሚገባበት አፍ፥ ወፍራሙ ወገን ወደ ዳዶው መመልከት አለበት። ይህ ተገልብጦ መግባቱ ውኃ ከሚያንጠባጥቡ ምክንያቶች አንዱ ነው።

8ኛ፤ ጨርቁ ከግድግዳው ቱቦ ይወጣል፤ ክፍሎቹም ሳይጠብቁ በስፍራቸው ይቆማሉ። እጅ ከላያቸው ሲነሣ ካልተንቀሳቀሱ ልኩ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ዳዶዎቹ ሁሉ በእጅ ይጠብቃሉ፤ በመጨረሻም በመፍቻ ከሩብ ዙር ያልበለጠ ይጨመራል። በጎሚኒ በሚዘጋ ዳዶ ጥርስ ላይ ቴፍሎን መጠቅለል አይጠቅምም፤ ቴፍሎን የሚጠቅመው መዝጊያው በጥርሱ ለሆነ የብረት ቱቦ ነው።

8ኛ ክፍል፤ ሥራውን ስለ መፈተን

ውኃን በቀጭኑ ለቅቆ «ደኅና ነው» ማለት ፈተና አይደለም። ገንዳው በመክደኛ ተዘግቶ እስከ አፉ ይሞላል፤ ከዚያም በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ውኃው በሚወርድበት ጊዜ ደረቅ ወረቀት በእያንዳንዱ ዳዶ ዙሪያ ይዳሰሳል፤ ዓይን ያላየችውን ጠብታ ወረቀት ይናገራል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ በማግስቱም አንድ ጊዜ ይታያል።

ጆሮም ይመርምር። ውኃው ወርዶ ሲያበቃ ሲፎኑ ጉርጉር ብሎ የሚጮህ እንደ ሆነ፥ የግድግዳው ቱቦ አየር አጥቶ በሲፎኑ ያለውን ውኃ እየሳበው ነው ማለት ነው። ይህ በተለይ ቱቦው ከሲፎኑ በቀጥታ ወደ ወለሉ በሚወርድበት ስፍራ ይሆናል። እንዲህ ያለው በዳዶ አይድንም፤ አየር የሚያስገባ ቱቦ ያስፈልገዋልና የቧንቧ ባለሞያ ይጠራ።

9ኛ ክፍል፤ ሊጠነቀቁት ስለሚገባ ነገር

እንደ አኮርዲዮን የሚሳብና የሚታጠፍ ቱቦ በገበያ ይገኛል፤ ለማንኛውም መዛነፍ ስለሚታዘዝ ብዙ ሰው ይወደዋል። ነገር ግን በሽብሽቡ ውስጥ ቆሻሻ ይከማቻል፥ በመካከሉም እየረገበ ይሄዳል። ለሳምንት መሸጋገሪያ ቢሆን እንጂ ለዓመት ሥራ አይሆንም።

በአንድ መስመር ሁለት ሲፎን መግጠም አይገባም፤ በሁለቱ መካከል የታሰረው አየር ውኃውን ይከለክላል። መዛነፉ አስቸገረ ብሎ ሲፎኑን አውጥቶ ቀጥ ያለ ቱቦ መግጠምም ከሁሉ የባሰ ነው፤ መንጠባጠቡ ይቆማል፥ ዘበኛው ግን ተባርሯል።

መገጣጠሚያውን በሲሚንቶ ወይም በማጣበቂያ መዝጋትም ጥፋት ነው። ሲፎን በየጊዜው ተፈትቶ የሚጠረግ ክፍል ነውና የሚፈታ ሆኖ መኖር አለበት።

ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት በሲፎኑ ያለው ውኃ ቀስ በቀስ ወደ አየር እየተነነ ይደርቃል። ስለዚህ ጥበቃው ወይም መምህሩ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጣሳ ውኃ ቢያፈስበት፥ ትምህርት ሲከፈት ልጆቹ ሽታ አይቀበላቸውም።

10ኛ ክፍል፤ ለመምህሩ የተሰጠ ምክር

ይህ ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ሊቀር አይገባም። መምህሩ ግልጽ የሆነ የላስቲክ ቱቦ አጥፎ ውኃ ቢያፈስበት፥ ውኃው በእጥፋቱ ውስጥ ሲቀር ተማሪዎቹ በዓይናቸው ያያሉ። በአንደኛው ጫፍ ቢነፉበትም ውኃው አየሩን እንዴት እንደሚቃወም ያያሉ። በወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ ሥለው የሲፎኑን መዞር ይለኩ፤ ቱንቢ ይጣሉ፤ በውኃ ልክ ሁለት ግድግዳ ያስተያዩ። ሽማግሌዎችም በዚህ ቢገኙ መልካም ነው፤ በእነርሱ ቤትና በሠፈሩ ጤና ጣቢያ ያለው ቱቦም ይኸው ነውና።

የእጅ ሥራን መናቅ የቀድሞ ሰዎችን ብዙ ጐድቷል፤ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን ያሳነሰ አገር፥ ባዶ እግሩንና ባዶ እጁን ይቀራል። ከገንዳ ሥር ተንበርክኮ ልክ የሚወስድ ተማሪ ሒሳብን፥ የውኃን ጠባይና ትዕግሥትን በአንድ ሰዓት ይማራል። በጉልበት የተገናኘ ነገር ጉልበቱ ሲደክም እንደሚለያይ፥ በልክ የተገናኘ ግን ሳይጠብቁት እንደሚጸና ያውቃል።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1ኛ፤ በሲፎኑ ውስጥ የሚቀረው ውኃ ምን ያሳልፋል? ምንስ ይከለክላል?

2ኛ፤ ቱቦን ጐትቶ በዳዶ ማጥበቅ ስለ ምን አይጸናም?

3ኛ፤ የሲፎኑ አፎች 10 ሳንቲም ሜትር ቢራራቁ፥ የግድግዳውም አፍ 8 ሳንቲም ሜትር ወደ ግራ ቢያፈነግጥ፥ ሲፎኑ ዞሮ ወደ ግድግዳው ስንት ሳንቲም ሜትር ይቀርባል?

4ኛ፤ አግዳሚው ቱቦ 50 ሳንቲም ሜትር ቢረዝም፥ ዝቅታው ስንት መሆን ይገባዋል?

5ኛ፤ ተማሪው በቤቱ ወይም በትምህርት ቤቱ ያለውን የእጅ መታጠቢያ መርምሮ፥ የሚንጠባጠብ ቢያገኝ የትኛው መገጣጠሚያ እንደ ሆነና ምክንያቱን ጽፎ ለመምህሩ ያቅርብ።